«እናቴ ፈረስ ናት» ያለችው መኪና

በቅሎን «አባትሽ ማነው?» ቢሏት «እናቴ ፈረስ ናት» አለች ይባላል። ልጅ ሆኜ ይህን ስሰማ የሚያስቀኝ የበቅሎዋ ኩራት ነበር። ጎልምሼ ሳስበው ግን የሚገርመኝ ብልጠቷ ሆነ። አልዋሸችም እኮ! እናቷ እውነትም ፈረስ ናት። የተጠየቀችውን ትታ ያልተጠየቀችውን እውነት መለሰች፤ በቃ። ያገለገለ መኪና ሊገዛ ወጥቶ የሚያውቅ አንባቢ ይህቺን በቅሎ በደንብ ያውቃታል። «ሞተሩ ተነክቷል?» ብላችሁ ትጠይቃላችሁ። «ቶዮታ እኮ ነው!» ይላችኋል ደላላው። እናቱ ፈረስ ናት ማለቱ ነው።

ነገሩን ያነሳብኝ በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ከዲላ የተደወለልኝ ስልክ ነው። ደዋዩ የቀድሞ ተማሪዬ ነው። የዛሬው ዲላ ዩኒቨርሲቲ ገና ኮሌጅ በነበረበት ዘመን ሥነ ጽሑፍ አስተምሬዋለሁ። አሁን ቡና ነጋዴ ነው። የጎልማሳ ድምፅ አውጥቷል፤ «ቲቸር» ማለቱን ግን አልተወም።

«ቲቸር፣ ከወንድሞቼ ጋር ሆነን የመስክ መኪና ልንገዛ ነው። ሁለት አግኝተን አንዱን መምረጥ አቃተን። እባክህ መጥተህ እይልን።»

«እኔ ምኑን አውቅልሃለሁ? እኔ መርጬ የማውቀው ግጥም ነው።»

«መካኒክ አለን። ያጣነው የሚያነብ ሰው ነው» አለኝ።

ሰው እንዲህ ሲያቆላምጠው እንዴት ይቀራል? በሳምንቱ ዲላ ነበርኩ።

አማራጮቹ እነሆ። አንደኛዋ የ2008 ሞዴል ፕራዶ ናት። ቤንዚን፣ ዕንቁ ነጭ፣ ውስጧ የቆዳ ወንበር፣ ከዱባይ የገባች። የኪሎ ሜትር ቆጣሪዋ 96,000 ይላል። ሁለተኛው የ2006 ሞዴል ላንድክሩዘር ሀርድ ቶፕ ነው። ናፍጣ፣ ቀለሙ የደበዘዘ ነጭ፣ ከኋላው ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት አግዳሚ ወንበሮች ያሉት፣ የአንድ የእርዳታ ድርጅት ንብረት የነበረ። ቆጣሪው 412,000 ይላል። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው። ዋጋ ስል በሚሊዮን የሚቆጠር ብር ማለቴ ነው። የሦስት ወንድማማቾች፣ ማለትም የሦስት ቤት ቁጠባ ነው። ሲሳሳቱ «ይቅር» ተብሎ የሚታለፍ ገንዘብ አይደለም።

እውነቱን ልናገርና፣ ቁጥሮቹን እንደሰማሁ ልቤ ወደ ፕራዶዋ ነበር ያዘነበለው። 96,000 እና 412,000! ይህን ለመምረጥ አዲስ አበባ ድረስ ሰው ያስጠራል?

አያቶቻችን በቅሎ ሲገዙ ጥርሷን ያዩ ነበር። ዕድሜዋ እዚያ ተጽፏል። ሻጭም ሁልጊዜ ሻጭ ነውና ጥርስ በሞረድ አስተካክሎ ያረጀችውን ወጣት የሚያስመስል አይጠፋም። ስለዚህ ብልህ ገዢ አፏን ከፍቶ ብቻ አይመለስም። ጀርባዋ ላይ የኮርቻ ቁስል ጠባሳ መኖሩን ይዳስሳል፤ ዳገት አስወጥቶ ትንፋሿን ያዳምጣል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ የማን ቤት በቅሎ እንደነበረች ይጠይቃል። የጌታ በቅሎና የነጋዴ በቅሎ ጥርሳቸው እኩል ቢሆንም ዕድሜያቸው እኩል አይደለም።

መኪና ወደ አገራችን የገባው እንግሊዛዊው ቤዴ ቤንትሊ በ1900 ዓ.ም. ለዐፄ ምኒልክ ይዞ በመጣው ሲድሊ መኪና ነው። መንገድ በሌለበት አገር ወራት የፈጀ ጉዞ ነበር። መኪና ከቤተ መንግሥትና ከመኳንንት ደጅ ወጥቶ በየጠረፉ የተሠራጨው ግን በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት፣ ከጦሩ ካሚዮኖች ጋር ነው። ወራሪው ሲወጣ ጋራዡ ቀረ፤ ከጋራዡም ጋር ቋንቋው። ዛሬም ማንኛውም ጋራዥ ገብታችሁ ጆሯችሁን ብትሰጡ ቴስታታ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ኩሽኔታ፣ ባልስትራ፣ ቺንጋ ሲባል ትሰማላችሁ። «መኪና» እና «ጎማ» ራሳቸው የዚያው ቋንቋ ልጆች ናቸው። በየዓመቱ የምንለጥፈው ቦሎ፣ በመሳቢያ የምንቆልፈው ሊብሬም እንዲሁ። ለባለቤትነቱ ማስረጃ ሊብሬ የሚል ቃል ወረስን። ለመኪናው የሕይወት ታሪክ ግን መዝገብ አልወረስንም፤ እኛም አላበጀንም። ሊብሬ የማን እንደሆነ ይናገራል እንጂ ምን እንዳየ አይናገርም።

የኔ ትውልድ የዲላ ልጅ «የመስክ መኪና» ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚለው ላንድሮቨር ነው። ላንድሮቨር በ1940 ዓ.ም. እንግሊዝ አገር ሲሠራ ከጦርነቱ ማግሥት ብረት በራሽን ነበርና ገላው የተሠራው ከአሉሚኒየም ነው። ችግር የወለደው ነገር ለኛ በጀ፤ ገላው ዝገት አያውቅም። ሻንሲው ግን ብረት ስለሆነ ከሥር ይበላል። ላዩ ደህና፣ ታቹ የተበላ፤ ይህ እንግዲህ የመጀመሪያው ትምህርት ነው። በልጅነቴ ወደ ቡሌ የሚወጣውን አንድ ላንድሮቨር አስታውሳለሁ። ሰውም በግም ገብስም አንድ ላይ ይጭናል። ሹፌሩ ከሰዎቹ ጋር ሲቀልድ «ይቺ መኪና ሁለት ጊዜ ሞታ ሁለት ጊዜ ተወልዳለች» ይል ነበር። በኋላ ነው የገባኝ። የድሮ ላንድሮቨር ቆጣሪ በማይል የሚቆጥር ባለ አምስት አኃዝ ነው። 99,999 ሲሞላ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ማንም ሳያታልል፣ መሣሪያው ራሱ ይረሳል።

ርቀት ቆጣሪ የዛሬ ፈጠራ እንዳይመስላችሁ። ከ2,000 ዓመት በፊት የኖረው ሮማዊው የሥነ ሕንፃ ሊቅ ቪትሩቪየስ ስለ ርቀት ቆጣሪ ሠረገላ ጽፏል። መንኰራኩሩ በጥርስ እየተያያዘ ሄዶ አንድ ማይል ሲሞላ አንዲት ጠጠር ከነሐስ ሣጥን ውስጥ ጠብ ታደርጋለች። ማታ ጠጠሩ ይቆጠራል። ልብ በሉ፤ ጠጠሯ ስንት ማይል እንደተሄደ ትናገራለች። ዳገት ይሁን ሜዳ፣ ጭቃ ይሁን ደረቅ አትናገርም። ከቪትሩቪየስ ጠጠር እስከ ፕራዶዋ የኤሌክትሮኒክስ ቆጣሪ ድረስ ይህ ጉድለት አልተሻሻለም። የተሻሻለው ማታለሉ ነው። ድሮ ጠጠር መስረቅ ነበረበት፤ አሁን ላፕቶፕ ይዞ መምጣት ይበቃል።

ዲላን የሚያውቅ ይህ ጉድለት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ይገባዋል። ከዲላ በወናጎ አድርጎ ወደ ይርጋ ጨፌ የሚወስደው መንገድ እስከ ሞያሌና ናይሮቢ የሚዘልቀው አስፋልት ነው። ከዲላ ወደ ቡሌ መውጣት ደግሞ ሌላ ነው። በ30 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ ነው። በክረምት ቀዩ አፈር እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ሞተሩ በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ እየጮኸ፣ ራዲያተሩ እየፈላ የሚሄደው 30 ኪሎ ሜትርና አስፋልት ላይ የሚንሸራሸረው 30 ኪሎ ሜትር ቆጣሪው ላይ እኩል ናቸው። ሞተሩ ላይ ግን እኩል አይደሉም።

ላንድሮቨሩን ከገጠራችን ያስለቀቀው ላንድክሩዘር ነው። ቶዮታ የመጀመሪያውን ናሙና በ1943 ዓ.ም. ሠርቶ ፉጂ ተራራን እስከ ስድስተኛው ጣቢያ አስወጥቶ አሳየ። ላንድክሩዘር የሚለው ስም ከሦስት ዓመት በኋላ መጣ። እኛ «ሀርድ ቶፕ» የምንለው ሰባዎቹ እየተባለ የሚጠራው ዘር በ1977 ዓ.ም. ሲወጣ፣ እኛ አገር የረሃብ ዘመን ነበር። ብዙ ሰው የእርዳታ መኪና ሲባል በዓይኑ የሚመጣበት ይኸው ቅርጽ ነው። በዚህ ዘር ውስጥ ስሙ የገነነው ሞተር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው ዋን ኤች ዚ ነው። 4.2 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር፣ ናፍጣ፣ ተርቦ የሌለው።

የሚቆይበት ምክንያት ተአምር አይደለም። ከትልቅ ሞተር ጥቂት ጉልበት ነው የሚጠየቀው። የሠላሳ ሰው ሥራ ለስድሳ ሰው እንደ መስጠት ነው፤ ማንም ሳይደክም ይመሻል። ብሎኩም ቴስታታውም ወፍራም ብረት ነው። ናፍጣውን የሚረጨው በኮምፒውተር የማይታዘዝ መካኒካል ፖምፓ ነው። የአዳዲሶቹ ናፍጣ ሞተሮች ኖዝል ከ1,000 ባር በላይ በሆነ ግፊት የሚሠራ ስለሆነ፣ ከበርሜል የተቀዳ ቆሻሻ ናፍጣ ቶሎ ይጥለዋል። ያኛው ግን ብዙ ኃጢአት ይሸከማል። አንድ ይቅር የማይለው ነገር አለ። የታይሚንግ ቺንጋው ሳይቀየር ቆይቶ የተበጠሰ እንደሆነ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፤ ያን ጊዜ የሞተሩ ዝና አያድንም። ግማሽ ሚሊዮን ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር በአንድ ቺንጋ ይሞታል።

ዲላ መቼ መኪና ትገዛለች? ቡና ሲወደድ። የአገሩ ሰው ይህን ለማወቅ ኢኮኖሚስት አያስፈልገውም። በ1986 ዓ.ም. ብራዚል ላይ ውርጭ ወርዶ የዓለም ዋጋ ሲተኮስ፣ ዲላ አስፋልት ላይ የማይታወቁ መኪኖች ታዩ። በ1993 እና 1994 ዓ.ም. ዋጋው ለአሥርት ዓመታት ባልታየ ሁኔታ ሲዘቅጥ እነዚያው መኪኖች በደላላ እጅ ወደ መጡበት ተመለሱ። በየካቲት 2017 ዓ.ም. ደግሞ የኒውዮርክ ገበያ አረቢካን በፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ አደረሰው፤ በታሪኩ ታይቶ የማይታወቅ ዋጋ ነበር። የተማሪዬ ስልክ በወሩ መደወሉ እንግዲህ ድንገተኛ አይደለም። ብራዚል ላይ ሰማይ ሲከፋ ዲላ ላይ ሰው መኪና ያማርጣል።

ያሁኑ ምርጫ ግን ከበፊቶቹ አንድ ልዩነት አለው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባረጁ መኪኖች ላይ ከአዲሶቹ የከበደ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ የቤት መኪና ወደ አገር እንደማይገባ አስታወቀ። ስለዚህ የነዳጅ መስክ መኪና የሚፈልግ ሰው የሚገዛው አገር ውስጥ ካለው ላይ ነው። እርስ በርሳችን የምንሻሻጠው የቆየውን ነው። ጎበዝ፣ እንዲህ ባለ ገበያ ውስጥ «ስንት ሄዷል?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን አይበቃም። «ስንት ይቀረዋል?» ነው ጥያቄው።

ወደ ጋራዡ እንመለስ። መካኒኩ ሰባ ያለፋቸው አዛውንት ናቸው። በልጅነታቸው ከጣሊያን ካሚዮን ሥር ተኝተው ሙያውን የተማሩ ሰው ያሳደጓቸው ናቸው። ሁለቱን መኪኖች ጠዋት፣ ሳይሞቁ፣ አስነሱ።

«መምህር፣ የሞቀ ሞተር ሻጭ ነው የሚያሞቀው። መኪና እንደ ሰው ነው፤ ጠዋት ሲነሳ ነው ጠባዩ የሚታየው» አሉኝ።

ፕራዶዋ በአንድ ንክኪ ተነሳች። ድምጿ አይሰማም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን ከጭስ ማውጫዋ ሰማያዊ ጭስ ትንሽ ብልጭ ብሎ ጠፋ። ሽማግሌው ቅንድባቸውን ብቻ አነሱ። «ዘይት ትጠጣለች» አሉ። ቀጥለው የፍሬኑን ፔዳል ጎማ አሳዩኝ። አልቆ ልሙጥ ሆኗል። መሪው ላይ ያለው ቆዳ አብረቅርቋል። «በ96,000 ይህ ያልቃል እንዴ?» አልኳቸው። «አንባቢ እርስዎ አይደሉ?» አሉኝ።

እኔም ማንበብ ጀመርኩ። መጀመሪያ ሒሳብ። ከ2008 እስከ 2025 እ.ኤ.አ. 17 ዓመት ነው። 96,000 ለ17 ሲካፈል በዓመት 5,600 አካባቢ፣ በቀን 15 ኪሎ ሜትር ተኩል ነው። ከዱባይ አቡዳቢ ብቻ 140 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነበት አገር፣ የመጀመሪያው ባለቤት ይቺን መኪና ገዝቶ ሱቅ እየተመላለሰባት ነበር ማለት ነው። ይሆናል፤ አይሆንም አይባልም።

ከዚያ ህዳግ። የብራና መጻሕፍትን ያጠና ሰው አንድ ነገር ያውቃል። በመካከለኛው ዐምድ የተጻፈው ሁሉም ዘንድ ያለ ነው። የዚያ መጽሐፍ የራሱ ታሪክ፣ የመሬት ሽያጩ፣ የስጦታው ቃል፣ የባለቤቶቹ ስም ያለው በህዳጉና በባዶ ቅጠሉ ላይ ነው። የመኪናም እንዲሁ ነው። የሾፌሩን በር ከፍቼ ምሰሶውን ሳይ፣ ፀሐይ ያነጣት አንዲት ተለጣፊ ወረቀት አገኘሁ። የአንድ የዱባይ ዘይት ቤት ወረቀት ናት፤ ጽሑፉ ዓረብኛ። ዓመቱ እ.ኤ.አ. 2013። ቀጣዩ ዘይት የሚቀየረው 187,000 ሲሞላ እንደሆነ በእጅ ተጽፏል።

ተማሪዬ አጠገቤ ቆሞ ነበር። ቁጥሩን ሳነብለት ዝም አለ። ዛሬ 96,000 የምትለው መኪና የዛሬ 12 ዓመት 180,000 አልፋለች። ከዚያ ወዲህ እዚህ አገር የሄደችውን እግዜር ይወቀው። በነገራችን ላይ ሻጩን ሌባ ማለቴ አይደለም። እሱም የገዛት ከሦስተኛ ሰው ነው። እንደኛው ቁጥሩን አምኖ ገዝቶ ሊሆን ይችላል። ውሸት እንዲህ ነው፤ ሁለት እጅ ካለፈ በኋላ ባለቤት አይኖረውም።

ላንድክሩዘሩን የሚሸጠው ሹፌሩ ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ነድቶት፣ ድርጅቱ በጨረታ ሲያወጣው ከዘመዶቹ ተበድሮ ገዛው። አሁን ዓይኑ ደክሟል፤ ሌሊት መንዳት አልቻለም። መኪናው በሁለተኛው ቁልፍ ነው የተነሳው። ጥቁር ጭስ ተፋ፤ ጠራ። ሽማግሌው የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍተው እጃቸውን አፉ ላይ አደረጉ፤ የሚገፋ ትንፋሽ መኖሩን ለማየት። ከዚያ የየሲሊንደሩን ኮምፕሬሽን ለኩ። አምስቱ ተቀራራቢ ናቸው። ስድስተኛው ዝቅ ብሏል። ሥራቸውን ጨርሰው እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ «ይህ ሰው ታሟል፤ ግን በሽታውን ይናገራል» አሉ።

ሹፌሩ ከጋቢናው ኪስ ሦስት ደብተሮች አወጣ። የድርጅቱ መዝገብ አይደለም፤ እሱ ለራሱ የያዘው ነው። ቀን፣ ከየት፣ ወዴት፣ ስንት፣ ለምን። ዘይት በየ5,000። ቺንጋ በየ100,000፤ አራት ጊዜ። 412,000 ለ19 ዓመት ሲካፈል በቀን ወደ 60 ኪሎ ሜትር ይመጣል። ደብተሩም ይህንኑ ይላል። ቁጥሩና ታሪኩ አንድ ነገር ሲናገሩ ሰማሁ።

ገጾቹን ሳገላብጥ 2010 ዓ.ም. ላይ ደረስኩ። የጌዴኦንና የምዕራብ ጉጂን ያን ዓመት የማያስታውስ የለም። በግጭቱ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ከቀዬው ተፈናቀለ። ትምህርት ቤቱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ያልተጨረሰው ሕንፃ ሁሉ ሰው ሆነ። እስከዚያ ድረስ በቀን አንድ መስመር የነበረው ደብተር ሁለት ሦስት ይሆናል። ዲላ–ገደብ–ዲላ። ዲላ–ገደብ–ዲላ። «ለምን» በሚለው ዐምድ ሥር የተጻፈው ከአንድ ቃል አይበልጥም። ውኃ። ብርድ ልብስ። ውኃ። ወላድ። ውኃ። ከዚያ አምስት ቀን ያህል ቀንና ኪሎ ሜትሩ ብቻ አለ፤ «ለምን» የሚለው ባዶ ነው።

«እነዚህን ሳትጽፍ ቀረህ?» አልኩት።

«ማታ ስገባ እጄ አልጽፍም አለኝ» አለ። ሌላ አልጨመረም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ተማሪዬ ከወንድሞቹ ጋር ሊመክር ወደ ጥግ ሄደ። ትንሹ ወንድም ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲከራከር ይሰማኛል። «ሰው ምን ይለናል? ይህን ያህል ብር አውጥተን የእርዳታ መኪና ይዘን ሰርግ ልንሄድ ነው?» አለ። በክርክሩ መሳቅ የለብንም። በአገራችን መኪና የሚሄድበት ብቻ አይደለም፤ የሚታዩበትም ነው። «ቪ8» የሚለው ቃል የሞተር ዓይነት መሆኑ ተረስቶ የሥልጣን መጠሪያ የሆነበት ዘመን ውስጥ ኖረናል። ልጁ የሚፈልገው ያንን ዓይን ነው። እኔም እኮ ስልኩን ስሰማ የመረጥኳት ዕንቁ ነጯን ነበር፤ ያውም ሳላያት።

ይህን ሳስብ በሌላ ነገር ላይ ራሴን ታዘብኩት። እኛ ሰዎች ቁጥር ስንወድ! ስለ አገራችን ስንጠየቅ «የሦስት ሺህ ዘመን ታሪክ ያላት» እንላለን። ቆጣሪውን እናሳያለን ማለት ነው። ከ3,000ው ስንቱ ዳገት፣ ስንቱ ጭቃ እንደነበረ፣ ዘይቱ መቼ እንደተቀየረ፣ የትኛው ቺንጋ ለመበጠስ እንደደረሰ የሚጠይቅ ሲመጣ «እናቴ ፈረስ ናት» እንለዋለን። ገሚሱ ደግሞ ቁጥሩን ወደ መቶ ማስመለስ ይፈልጋል። አንዱ ቆጣሪውን ያስረዝማል፣ ሌላው ያሳጥራል፤ ደብተሩን የሚከፍት ግን ጥቂት ነው። ባዶ የቀሩትን ገጾች የሚጠይቅ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው።

የጌዴኦ ገበሬ ይህን ከኛ በተሻለ ያውቃል። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ የጌዴኦን መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ፣ የመዘገበው ትክል ድንጋዩን ብቻ አይደለም። በዚያ ቁልቁለት ላይ እንሰቱን ከቡናው፣ ቡናውን ከጥላ ዛፉ አዋዶ ይህን ያህል ሕዝብ የሚያበላውን አያያዝም ጭምር ነው። መሬቱ አርጅቷል፤ ግን አልሞተም። ያላለቀው ስላልተነካ አይደለም፤ በየዓመቱ ስለሚጠገን ነው። እንሰቱ ሲቆረጥ ሌላ ይተከላል፤ የረገፈው ቅጠል እዚያው ይበሰብሳል። ብዙ የሄደና የተያዘ ነገር፣ ጥቂት ሄዶ ከተጣለ ነገር ይበልጣል። ሽማግሌው መካኒክም በራሳቸው ቋንቋ የነገሩኝ ይህንኑ ነው። «ኪሎ ሜትር ዕድሜ ነው እንጂ ጤና አይደለም።»

ወንድማማቾቹ ላንድክሩዘሩን ገዙት። ስድስተኛውን ሲሊንደር ምክንያት አድርገው ዋጋ አስቀነሱ፤ የተቀነሰውንም ለሞተሩ እድሳት አስቀመጡት። ትንሹ ወንድም አኩርፎ ነበር። እንግዲህ ነገሩ ሁሉ አለቀ፣ ሁሉ አመረ አልላችሁም። ነሐሴ ላይ ስደውል ሞተሩ ወርዶ ፋሻ እየተቀየረለት ነበር። ወጪው ካሰቡት አልፏል። ፕራዶዋም ሌላ ገዢ አግኝታ ሄዳለች፤ አንዱ አሁን «96,000 ብቻ!» እያለ ይደሰትባት ይሆናል። ተለጣፊዋ ወረቀት ግን በሩ ላይ መኖሯን እጠራጠራለሁ።

የኤሌክትሪኩ መኪና ሲመጣ ይህ ሁሉ ይቀራል የሚሉ አሉ። አይመስለኝም። ያኔ ደግሞ «ባትሪው ስንት ጊዜ ተሞልቷል? ማን ነበር የሚሞላው?» ብለን እንጠይቃለን። ሻጩም የእናቱን ስም ይነግረናል።

ባለፈው ጥምቀት ዲላ ሄጄ ላንድክሩዘሩ አሳፈረኝ። የሚነዳው ያኮረፈው ትንሹ ወንድም ነው። ከቡሌ ስንመለስ ቁልቁለቱ ላይ በፍሬን ሳይሆን በማርሽ ነው የሚይዘው፤ የድሮው ሹፌር አስተምሮታል። ቤት ስንደርስ ሞተሩን ሳያጠፋ ትንሽ ጠበቀ፣ አጠፋ፣ ከጋቢናው ኪስ ደብተር አወጣ። አዲስ ደብተር ነው፤ አራተኛው። ቀኑን ጻፈ፤ ዲላ–ቡሌ–ዲላ አለ፤ ኪሎ ሜትሩን ጻፈ። «ለምን» የሚለው ጋ ሲደርስ እስክሪብቶውን አንስቶ አየኝ።

«ጋሼ፣ ምን ልበል?»

«እንግዳ ብለህ ጻፍ» አልኩት።